የዶቭቴይል ጂግ በራውተር፦ መገጣጠሚያው ላላ፣ ጠርዙም ይቦጨቃል፤ ከየት ልጀምር?

ገርጂ_ወርክሾፕ

ሰላም የሙያ ወንድሞችና እህቶች። አንድ ነገር ላማክራችሁ። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ባለ 12 ኢንች የዶቭቴይል ጂግ ይዛልኝ መጣች፤ የእርግብ ጭራ የሚመስለውን የጥግ መገጣጠሚያ በራውተር ለመቁረጥ የሚያገለግል ማሰሪያ ማለት ነው። የመሳቢያውን ፊትና ጎን አንድ ላይ አስሮ በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው ዓይነት ነው፤ ከጎን ሲያዩት ጥርሱ ይታያል፣ ከፊት ለፊት ግን ተሸፍኖ ይቀራል። ራውተሩ (መቁረጫ ብረት እያሽከረከረ እንጨት የሚቀርጸው ማሽን) እዚሁ የገዛሁት 220 ቮልት ነው። የዋንዛ ኮመዲኖ ትዕዛዝ ይዣለሁ፤ መሳቢያዎቹን በሚስማርና በኮላ መትቼ ማስረከብ አልፈልግም። ደንበኛዬ መሳቢያ ስባ ጎኑን የምታይ ሰው ናት፤ ሥራዬም በዚያ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ።

በቁራጭ እንጨት ስሞክረው እንዲህ ይወጣል፦ ሲገጠም ላላ ነው፣ በእጅ ሲያወዛውዙት ይንቀሳቀሳል። ጎኑ ከፊቱ ጫፍ 1 ሚሊ ያህል ወጥቶ ይቀራል። ከላይ ሲታይም የሁለቱ ጠርዝ እኩል አይደለም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ የጎኑ ሳንቃ ፊት ላይ ቃጫው እየተቦጨቀ መውጣቱ ነው። አብሮት የመጣው መመሪያ ሥዕሉ ደብዛዛ ነው። የምታውቁ ካላችሁ ከየት ልጀምር?

ሜሪላንድ_ጋራዥ

ወንድሜ፣ ጂጉ ጤነኛ ነው። የዘረዘርካቸው ሁሉ በማስተካከል የሚፈቱ ናቸው፤ ግን አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ሂድ። ሁለቱን በአንዴ ከነካካህ የቱ ምን እንዳመጣ አታውቅም። መጀመሪያ መላላቱን፣ ከዚያ የጎኑን መውጣት፣ በመጨረሻ የጠርዙን አለመግጠም።

መላላቱ የፑንታው (የራውተሩ መቁረጫ ብረት) ጥልቀት ነው። ፑንታውን ትንሽ አውርደው፣ ማለትም ከራውተሩ የበለጠ እንዲወጣ አድርገው፤ ይጠብቃል። ከጠበቀብህ መልሰህ ከፍ አድርገው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በጥልቀት ከተቆረጠ ብዙ እንጨት ስለሚነሳ የሚላላ ይመስለዋል። የዶቭቴይል ፑንታ ግን ታቹ ሰፊ፣ ላዩ ጠባብ ነው። በወረደ ቁጥር በሳንቃው አፍ ላይ የሚያልፈው ጠባቡ ክፍል ይሆናል፤ ስለዚህ በሁለት ቦዮች መካከል የሚቀረው ጭራ ጫፉ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። በመሳቢያው ፊት ላይ ያለው ጉድጓድ ታች ግን ስፋቱ በፑንታው ሰፊ ክፍል የተወሰነ ስለሆነ አይለወጥም። ጭራው ሰፍቶ ጉድጓዱ ባለበት ሲቆይ ይጠብቃል።

በ14 ዲግሪ ፑንታ ጥልቀቱን ሩብ ሚሊ ስትጨምር መገጣጠሚያው የሚጠብቀው በአንድ አሥረኛ ሚሊ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፈርተህ በፀጉር ልክ አትነካካው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ በግማሽ ሚሊ ጀምር። 1/2 ኢንች ስፋት ባለው ፑንታ እንጨቱ ውስጥ የሚገባው ጥልቀት ብዙውን ጊዜ 9 ወይም 10 ሚሊ አካባቢ ላይ ያርፋል።

የጎኑ መውጣት ከጥልቀት ጋር አይገናኝም፤ እሱ የቴምፕሌቱ (ራውተሩን የሚመራው ባለ ጥርስ ሳህን) ቦታ ነው። ጎኑ ወጥቶ ከቀረ ጉድጓዱ ወደ ውስጥ በቂ አልገባም ማለት ነው፤ ቴምፕሌቱን ከአንተ አርቀህ ወደ ኋላ 1 ሚሊ ግፋው። ጎኑ ወደ ውስጥ ሰምጦ ከሆነ ወደ ራስህ ሳበው። በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለቱን ማስተካከያ እኩል ማዞርህን አትርሳ፤ አለበለዚያ አንዱ ጥግ ልክ ሆኖ ሌላው ይዛባል።

የጠርዙ አለመግጠም ስቶፐሮቹ (ሳንቃው በጎን የሚደገፍባቸው ማቆሚያዎች) ናቸው። ከላይ ተኝቶ የታሰረው የመሳቢያው ፊትና ከፊት ቆሞ የታሰረው የመሳቢያው ጎን ሳንቃ በጎን በኩል በግማሽ እርምጃ መዛነፍ አለባቸው። የጂግህ ጥርሶች ርቀት 7/8 ኢንች ከሆነ መዛነፉ 7/16 ኢንች፣ ማለትም 11 ሚሊ ያህል ነው። ስቶፐሩን አላልተህ እሱን አስተካክል።

ሳንቃ_በሳንቃ

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ፦ የሳንቃዎቹ ውፍረት እኩል ነው? በካሊፐር ለካኸው? እንጨቱስ ደርቋል?

ገርጂ_ወርክሾፕ

ሜሪላንድ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ እንዲህ አብራርቶ የነገረኝ የለም። ሳንቃ_በሳንቃ፣ አሁን ለካሁት። የጎኖቹ ሳንቃ ከአንዱ ጫፍ 15 ሚሊ፣ ከሌላው 16 ከግማሽ ነው። እንጨቱን ከመሰንጠቂያ ቤት በቅርቡ ነው የገዛሁት፤ ደረቅ ነው ብለውኛል።

የድሮ_መሮ

ልጄ፣ እንግዲህ አገኘኸው። ጂጉ የሚያውቀው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቴምፕሌቱን ለ15 ሚሊ ካስተካከልከው 16 ተኩል የሆነው ጫፍ ወጥቶ ይቀራል፤ ለ16 ተኩል ካስተካከልከው ሌላው ይሰምጣል። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ብታዞር አያልቅም። በእጅ የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ጥግ ለብቻው ስለሚቀርፅ የሳንቃውን ጉድለት በመሮ እያባበለ ያልፈዋል። ማሽን አያባብልም። ስለዚህ የጂግ ሥራ ግማሹ ከጂጉ በፊት ያልቃል፦ መላግ፣ ውፍረት ማውጣት፣ ጫፉን በስኳድራ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ።

ጫፉ ቀጥ ካልሆነ የሚመጣውን ልንገርህ። ቆሞ የሚታሰረው ሳንቃ አናቱ በሙሉ የቴምፕሌቱን ሆድ መንካት አለበት። በአንድ ወገን ግማሽ ሚሊ ክፍተት ካለ በዚያ ወገን ፑንታው ያነሰ ይቆርጣል፤ ጭራው አጭርና ጠባብ ይሆናል። አንድ ጥግ በአንድ በኩል ጠብቆ በሌላ በኩል ሲላላ ካየህ ራውተሩን ሳይሆን የሳንቃውን ጫፍ ፈትሽ። ወረቀት ቆርጠህ በቴምፕሌቱና በሳንቃው መካከል ለማስገባት ሞክር፤ ከገባ ፍታና መልሰህ እሰር።

ስለ ዋንዛው ደግሞ፦ «ደረቅ ነው» የሚለውን የሻጭ ቃል አትቀበል። ዋንዛ ተሰንጥቆ ሲመጣ ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በመካከሉ ክፍተት የሚሰጥ ጣውላ እያስገባህ ደርድረህ፣ ፀሐይ የማያገኘው ነፋሻ ቦታ አስቀምጠው። የእርጥበት መለኪያ ካገኘህ ከ10 እስከ 12 በመቶ እስኪወርድ ጠብቅ። ዛሬ ልክ የሆነ ዶቭቴይል እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፤ ያኔ ደንበኛዋ አንተን እንጂ ዝናቡን አትወቅስም። ጊዜ ከሌለህ ከድሮ በርና ከድሮ አልጋ የወጣ ዋንዛ ፈልግ። ምናለሽ ተራ አካባቢ የሚያገላብጡ ሰዎች አያጡትም። ሚስማሩን ብቻ አንድ በአንድ አውጣ፤ ፑንታህ ሚስማር ካገኘ በዚያው ቀረ።

ሽቱትጋርት_ሆልስ

የጋሼ ምክር ላይ የምጨምረው የለኝም፤ እኔ ስለ መሣሪያው ልናገር። ወንድሜ፣ የራውተርህ ኮሌት (የፑንታውን እግር ጨብጦ የሚይዘው ክፍል) ስንት ነው? ጂጉ ከአሜሪካ ከሆነ አብሮት የመጣው ፑንታ እግሩ ብዙውን ጊዜ 1/4 ኢንች ነው፤ እሱም 6.35 ሚሊ ነው። አገር ቤት ከሚሸጡት ራውተሮች አንዳንዶቹ ባለ 6 ሚሊ፣ ሌሎቹ ባለ 8 ሚሊ፣ ሌሎቹ ደግሞ ባለ 6.35 ኮሌት ይዘው ይመጣሉ። የ6 ሚሊ ፑንታ በ6.35 ኮሌት ውስጥ ሲጠብቅ የያዘ ይመስላል። ሥራ ላይ ግን እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ከዚህ የከፋም ይመጣል፣ በደቂቃ 20,000 ዙር የሚዞር ብረት ነው። በካሊፐር ለካ፣ ካልገጠመ ትክክለኛውን ኮሌት ፈልግ። ፑንታውን እስከ ታች ከተህ ከነካ በኋላ 2 ሚሊ ያህል መልሰህ ሳበው፣ ከዚያ አጥብቅ።

ሁለተኛው ነገር ቡሽንጉ ነው። በቴምፕሌቱ ጥርሶች እየተደገፈ የሚሄደው ያ የብረት ቀለበት ከፑንታው ጋር አንድ መሃል ሊኖረው ይገባል። በትንሹ እንኳን ከመሃል ከወጣ ራውተሩን ባዞርክ ቁጥር ቁርጡ ይለወጣል። ስለዚህ ራውተሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥርስ አንድ አቅጣጫ ያዘው። እኔ እጀታው ላይ በቴፕ ምልክት አድርጌ ሁልጊዜ ምልክቱን ወደ ራሴ አደርጋለሁ።

እና ይህን አስተውል፦ ርካሽ ከሚባሉት ባለ 12 ኢንች ጂጎች ብዙዎቹ ቡሽንጋቸው 7/16 ኢንች፣ ፑንታቸው 1/2 ኢንች ነው። ፑንታው ከቡሽንጉ ይበልጣል! ስለዚህ በቡሽንጉ ቀዳዳ አያልፍም፤ ቡሽንጉን ካሰርክ በኋላ ነው ፑንታውን ከታች የምታስገባው። ጥልቀት ስታስተካክል ፑንታውን ብዙ ወደ ላይ ከሳብከው የቡሽንጉን ብረት ይነካል። ሶኬት ከመሰካትህ በፊት ፑንታውን በእጅህ አንድ ዙር አዙረው፤ ምንም ሳይነካ መዞር አለበት።

ደሴ_የቤት_ዕቃ

እህታችሁ ከደሴ ነኝ። መሳቢያ በብዛት እንሠራለን፤ ስለ ቃጫው መቦጨቅ ስላልተነሳ እኔ ላንሳው።

ራውተሩን በቀጥታ ወደ ጥርሶቹ መካከል አታስገባው። መጀመሪያ በቆመው ሳንቃ ፊት ላይ ከቀኝ ወደ ግራ በስሱ አንድ ጊዜ እለፍ፤ 1 ወይም 2 ሚሊ ብቻ እየነካ። ይህ አቅጣጫ ፑንታው ቃጫውን ወደ ውስጥ እየተጫነ እንዲቆርጥ ያደርገዋል፣ ስለዚህ አይቦጭቅም። ግን በዚህ አቅጣጫ ራውተሩ ወደ ፊት መሸሽ ይፈልጋል፤ በሁለት እጅ አጥብቀህ ያዝ፣ በጥልቀት አትግባ። ከዚያ በኋላ ከግራ ጀምረህ ወደ ቀኝ ጥርሶቹን እየተከተልክ ውስጥ ድረስ እየገባህ ውጣ። ስትጨርስ ራውተሩን ሳታነሳ እንደገና አንዴ ተመላለስበት፤ በመጀመሪያው ዙር ቡሽንጉ ያልነካው ቦታ ይኖራል። ሳንቃዎቹን ሳትፈታ ጎንበስ ብለህ ጉድጓዶቹን እይ፣ በአንዱ ውስጥ የቀረ ትንሽ ጉብታ ጥጉ እንዳይዘጋ ያደርጋል።

ከሁሉ በላይ፦ ፑንታው እየዞረ ራውተሩን ወደ ላይ አታንሳ። ታቹ ሰፊ ስለሆነ ሲነሳ ጭራውንም ቴምፕሌቱንም ይዞ ነው የሚወጣው። አጥፋው፣ እስኪቆም ጠብቅ፣ ከዚያ ቴምፕሌቱ ላይ እንደተኛ ወደ ራስህ ሳበው።

እኛ አገር ደግሞ የመብራት መቆራረጥ አለ። መሃል ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው ራውተሩን እዚያው ትቶ ይሄዳል። ማብሪያው ተቆልፎ የሚቆይ ዓይነት ከሆነ መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካው ይነሳል። በሥራ ቦታችን ሕግ አድርገነዋል፦ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ማብሪያ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ሶኬት ይነቀላል፣ ከዚያ ነው ስለ መብራቱ የሚወራው። አዲስ የገባ ልጅም የመጀመሪያ ቀን የሚማረው ይህንን ነው።

የዓይን መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና ጭንብል ያለ ክርክር። የራውተር ብናኝ ደቃቅ ነው፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

አዲስ_ጀማሪ_21

ይቅርታ በመሃል ስገባ። ይህንኑ ጂግ በኤምዲኤፍ መጠቀም ይቻላል? እኛ ጋ የወጥ ቤት ካቢኔ ሁሉ ኤምዲኤፍ ነው።

ደሴ_የቤት_ዕቃ

አይሆንም። ኤምዲኤፍ ተፈጭቶ በሙጫ የተጨመቀ ሳንቃ ነው፤ እንደ እንጨት የተያያዘ ረጅም ቃጫ የለውም፤ ጭራው ሲገጠም ጥግ ጥጉ ይፈረፈራል። ለሱ ቦይ አውጥተህ በኮላና በብሎን መግጠም ይሻላል። ጥሩ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ይሞከራል፤ ላዩ ስስ ልባስ ስለሆነ ግን ያልኩትን የመጀመሪያ ስስ ማለፊያ እንዳትዘለው።

የድሮ_መሮ

አንድ ነገር ልበል፤ ልጆቹን ለማስከፋት አይደለም። ከጂጉ በፊት ቢያንስ አንድ ጥግ በመጋዝና በመሮ ብትሠሩ ደስ ይለኛል። እኛ ስንማር ለለስላሳ እንጨት ተዳፋቱ 1 ለ 6፣ ለጠንካራ 1 ለ 8 ነበር፤ በዲግሪ 9 ተኩልና 7 ያህል ማለት ነው። የዚህ ጂግ ፑንታ 14 ዲግሪ ነው፤ 1 ለ 4 እንደ ማለት። ለምን አንዱ የበለጠ እንደተጋደመ፣ የጭራው ሹል ጥግ በደረቅና በሚሰበር እንጨት ላይ ለምን እንደሚሸረፍ በእጁ የሠራ ሰው ይገባዋል። በጂግ የሠራ ሰው ግን ሲሸረፍበት ፑንታውን ይቀይራል።

ሌላው መልኩ ነው። ቴምፕሌቱ ቋሚ የሆነ ጂግ ጭራውንም በጭራዎቹ መካከል የሚገባውን ጥርሱንም እኩል ስፋት ነው የሚያወጣው። በእጅ ሲሠራ ጭራው ሰፊ፣ ጥርሱ ቀጭን ይሆናል፤ ዓይን ያለው ሰው ከሩቅ ይለየዋል።

ሜሪላንድ_ጋራዥ

ጋሼ፣ ስለ መልኩ እስማማለሁ። በእጅ የተሠራ ቀጭን ጥርስ ውበቱ የተለየ ነው። የሱን ነፃነት በማሽን የሚፈልግ ሰው ጥርሶቹን እንደፈለገ የሚያንቀሳቅስበት ጂግም አለ፤ ሊ (Leigh) የሚባለው የካናዳ ኩባንያ የሚታወቀው በዚያ ነው። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ማስተካከሉም ጊዜ ይወስዳል።

የማልስማማበት አንድ ነው። ወንድማችን ትዕዛዝ ይዟል። አንድ ኮመዲኖ ባለ 4 መሳቢያ ከሆነ 16 ጥግ ነው። ጂጉ አንዴ ከተስተካከለ እያንዳንዱ ጥግ በደቂቃዎች ያልቃል፤ የመጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ይገጥማል። በእጅ ልሥራ ካለ ወይ ዋጋውን በእጥፍ ያስከፍላል፣ ወይ ወደ ሚስማር ይመለሳል። በአገራችን አብዛኛው መሳቢያ በሚስማር የሚመታው አናጢው ዶቭቴይል ስለማያውቅ አይደለም፤ ጊዜው ስለማይከፈለው ነው። ጂጉ ያንን ክፍተት ከሞላ ለሙያው ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

የድሮ_መሮ

ያልከው እውነት ነው ልጄ፤ ለትዕዛዝ ሥራ ጂጉን ይጠቀም። እኔም አትጠቀሙ አላልኩም፤ አንድ ጥግ በእጅ ይሥራ ነው ያልኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ገርጂ_ወርክሾፕ

ጋሼ፣ አንዱን ጥግ በእጄ እሠራለሁ፤ ቃሌ ነው። እስካሁን የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ሳንቃዎቹን በሙሉ ቲክነሰር (የሳንቃን ውፍረት እኩል የሚያወጣ ማሽን) ያለው ሰው ጋ ወስጄ 15 ሚሊ አስወጣሁ። ጥልቀቱን ጨምሬ አሁን በእጅ ተገፍቶ፣ መጨረሻ ላይ በእንጨት መዶሻ መታ መታ ተደርጎ ይገባል። መቦጨቁም እህታችን እንዳለችው ከቀኝ ወደ ግራ ሳልፍ ቀረ።

አሁን የቀረኝ፦ በአንዱ ጠርዝ ግማሽ ጥርስ ሆኖ ያምራል፣ በሌላው ጠርዝ ግን ቀጭን ስንጥር የምታህል ቁራጭ ትቀራለች። የመሳቢያው ቁመት 12 ሳንቲ ነው። ሌላው፣ የቱ ሳንቃ በየትኛው ጎን እንደሚታሰር በየጊዜው ይምታታብኛል።

ሜሪላንድ_ጋራዥ

ቁመቱ ነው። ቋሚ ቴምፕሌት ባለው ጂግ የመሳቢያው ቁመት የጥርሶቹ ርቀት ብዜት መሆን አለበት። ርቀቱ 7/8 ኢንች ከሆነ፣ ማለትም 22.2 ሚሊ፣ የሚያምሩት ቁመቶች 111፣ 133፣ 156፣ 178 ሚሊ ናቸው። 120 በመካከል ስለወደቀ ነው ስንጥሩ የመጣው። ወደ 111 አውርደው፤ በመሳቢያውና በክፈፉ መካከል የሚቀረውን ክፍተት የፊተኛው ሳንቃ ይሸፍነው፣ ወይም ክፈፉን ገና ካልሠራኸው በ133 አስላው። ከእንግዲህ ግን ዲዛይን ስትጀምር መጀመሪያ መሳቢያውን አስላና ክፈፉን ከሱ ተነስተህ ሥራ።

ለመምታታቱ ሁለት ደንብ ያዝ። አንደኛ፣ ጂጉ ላይ የሳንቃው የውስጥ ገጽ ነው የሚታይህ፦ የቆመው የውስጡ ገጽ ወደ አንተ፣ የተኛው የውስጡ ገጽ ወደ ላይ። ሲቆረጥ ተገልብጦ የተሠራ ስለሚመስል ሰው ይደነግጣል፤ ሲገጠም ግን ይገለበጥና ቦታው ይይዛል። ሁለተኛ፣ የመሳቢያው የታች ጠርዝ ሁልጊዜ ስቶፐሩን ይንካ። ይህን ከጠበቅክ ሁለቱ ጥጎች በግራ ስቶፐር፣ ሁለቱ በቀኝ ስቶፐር ይቆረጣሉ። ከመጀመርህ በፊት መሳቢያውን መሬት ላይ በቅርጹ ዘርጋና በእያንዳንዱ ሳንቃ ውስጥ በእርሳስ «ታች» ብለህ ጻፍ፤ ጥጎቹንም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በላቸው።

የታቹ ኮምፔንሳቶ የሚገባበት ቦይ ደግሞ በታችኛው ጭራ መሃል እንዲያልፍ አድርግ። ያኔ የቦዩ አፍ ጉድጓዱ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፣ ከጎን ቀዳዳ አይታይም።

ሳንቃ_በሳንቃ

ትሪመር (ትንሿ በአንድ እጅ የምትያዝ ራውተር) ብቻ ያላችሁ ልጆች በውስጥ መልእክት እየጠየቃችሁኝ ስለሆነ እዚሁ ልመልስ። ይቻላል፣ ግን ትሪመር ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ የዶቭቴይል ፑንታ ደግሞ በደረጃ አይወርድም፣ ሙሉ ጥልቀቱን በአንዴ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ በመጀመሪያ በቀጭን ቀጥ ያለ ፑንታ፣ በዚያው ቡሽንግ፣ ከዶቭቴይሉ ጥልቀት ትንሽ ባነሰ መሃሉን አውጡት። ከዚያ ዶቭቴይሉን አስገቡ፤ የሚቀረው ጎን ጎኑን መቅረጽ ብቻ ስለሆነ ሞተሩ አይጨነቅም፣ እንጨቱም አይቃጠልም። እንጨቱ ከጠቆረ ፑንታው ደንዝዟል ወይም ሙጫ ይዟል። በነጭ ጋዝ አጽዱት። ስትስሉት ጠፍጣፋውን ፊት ብቻ በዳይመንድ ድንጋይ፤ ተዳፋቱን ከነካችሁት ስፋቱ ይቀንስና ከጂጉ ጋር መግጠሙን ያቆማል።

ሐዋሳ_አናጢ

ከአሜሪካ ራውተሩንም ጭምር ላስመጣ አስቤ ነበር። 120 ቮልት ነው፤ ይሠራል?

ሽቱትጋርት_ሆልስ

በቀጥታ 220 ላይ ከሰካኸው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል፤ ለ1500 ዋት ራውተር ቢያንስ 2000 የሚሸከም። የ60 እና የ50 ኸርዝ ልዩነት ለዚህ ዓይነት ባለ ካርቦን ሞተር ችግር አይፈጥርም። ግን ትራንስፎርመሩ ራሱ ከባድና ውድ ስለሆነ ጂጉን፣ ፑንታውንና ቡሽንጉን ብቻ አስመጣ፤ ራውተሩን እዚያው ግዛ። ከአውሮፓ ከሆነ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዳለ ይሠራል። ቡሽንጉ ከራውተሩ መቀመጫ ጋር መግጠሙን ግን ሳታረጋግጥ አትክፈል፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው።

ሐዋሳ_አናጢ

ተባረክ። ጂጉን እዚህ ማሠራትስ አይቻልም? ቴምፕሌቱ ጥርስ ያለው ሳህን ነው።

ሽቱትጋርት_ሆልስ

ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን) ያለው ቤት ከ10 ወይም 12 ሚሊ ጠንካራ ፕላስቲክ ሊቆርጥልህ ይችላል፤ በስዕሉ ላይ የጥርሶቹ ርቀት ከቡሽንጉና ከፑንታው ጋር መስማማት አለበት። ኤምዲኤፍ አታስቆርጥ፤ ቡሽንጉ ሲመላለስበት ቶሎ ይበላል። ማሰሪያውን ከጠንካራ እንጨት ራስህ ትሠራዋለህ።

ገርጂ_ወርክሾፕ

የመጨረሻ ጥያቄ ለደሴዋ እህቴ፦ ኮላ ስትቀቡ መገጣጠሚያው አብጦ እንቢ አይላችሁም? ደግሞስ ያስተካከልኩትን ጥልቀት ፑንታውን ባወጣሁ ቁጥር እንዳላጣው ምን ታደርጋላችሁ?

ደሴ_የቤት_ዕቃ

ኮላውን በቀጭን ብሩሽ የጭራውን ጎን ጎንና የጉድጓዱን ግድግዳ ብቻ ቀባ፤ ጉድጓዱ ታች ላይ አትሙላው፣ ኮላው መሄጃ ሲያጣ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግደዋል። ነጩ ኮላ እርጥበቱ እንጨቱን ስለሚያሳብጠው ፈጠን በል፤ አራቱንም ጥግ አዘጋጅተህ ጠብቅ፣ ቀብተህ ወዲያው ግጠም። ሳትቀባ ስትሞክረው ደግሞ እስከ ግማሽ ብቻ አስገባው፤ ሙሉ አስገብተህ ደጋግመህ ካወጣኸው ጭራው ተጨምቆ በኋላ ይላላል። ከገጠምክ በኋላ ሁለቱን ሰያፍ በሜትር ለካ፣ እኩል ካልሆኑ ኮላው ሳይዝ ረጅሙን ሰያፍ በክላምፕ ጨመቅ አድርገው።

ለጥልቀቱ፣ በደንብ የገጠመልህን ቁራጭ አትጣለው። ራውተሩን ገልብጠህ፣ የፑንታው ጫፍ በቁራጩ ላይ ያለውን የቦይ ታች እስኪነካ ድረስ አስተካክለው፤ የቴምፕሌቱን ውፍረት የሚያህል ስስ ሳንቃ ከቁራጩ ሥር ማድረግ አለብህ። እኛ ጋ ለ15 ሚሊም ለ18 ሚሊም እንዲህ ያለ ቁራጭ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ በላዩ የፑንታው ስፋት፣ ዲግሪው፣ የቡሽንጉ ቁጥርና የእንጨቱ ስም ተጽፏል። ፑንታ በተሳለ ወይም በተቀየረ ቁጥር ግን አዲስ ቁረጥና አሮጌውን አውርደው፤ የተሳለ ፑንታ በድሮው ቁራጭ ልክ አይሠራም።